ትእዛዙ የተሰጠው ለማን ነው? በጎንደር የታሰረ የአንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ጉዳይ

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከጎንደር ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ አርሶ አደር የእናቱን ወንድም በዱላ መትቶ ክንዳቸውን በመስበሩ ተይዞ ታሰረ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 መሠረት በከባድ የአካል ጉዳት ወንጀል ተከሶ ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ከቆየ በኋላ፣ ድርጊቱን ሲፈጽም የሚያደርገውን ለይቶ የሚያውቅበት ሁኔታ ላይ እንዳልነበረ ተረጋግጦ ወደ ሕክምና ክትትል እንዲዛወር ተወሰነ። ጉዳዩን በነጻ የሕግ ድጋፍ ከያዙት ባለሙያዎች አንዱ ስለነበርሁ ሂደቱን ከመዝገቡ፣ ከቤተሰቡና ከራሱ ከባለጉዳዩ አንደበት ለመከታተል ችያለሁ። ማንነቱን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ትቻለሁ ወይም ለውጫለሁ፤ የተቋማቱንም ስም አልጠቅስም።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። በዚህ ጉዳይ ላይ የጎደለው ሕግ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ አዟል፣ ማረሚያ ቤቱ ትእዛዙን ፈጽሜያለሁ ብሏል፣ የሕክምና ባለሙያውም የቀረበለትን ሕመምተኛ አይቷል። ሦስቱም የድርሻቸውን በወረቀት ሲወጡ ሰውየው ግን በመካከላቸው ቀርቶ ነበር። የእኛ ሥራ በአብዛኛው መብቱን ማስታወስ ሳይሆን፣ ማን፣ የት፣ እስከ መቼ ምን እንደሚያደርግ በትእዛዝ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ሆኖ ተገኝቷል።

ጉዳዩን በግንቦት ወር 2011 ወደ እኛ ያመጣችው ታናሽ እኅቱ ናት። ስንቅ ይዛ በሄደች ቁጥር ወንድሟ እንጀራውን እያገላበጠ ካየ በኋላ ሳይቀምሰው እንደሚመልስላት፣ “እነርሱ ነክተውታል” እንደሚላት፣ ልብሱም እንደ ሰፋው ነገረችን። መጀመሪያ ያደረግነው የመዝገቡን ግልባጭ ማውጣት ነበር። ክሱ በተነበበለት ዕለት የሰጠው የእምነት ክህደት ቃል በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተጽፏል፦ “መትቻለሁ። ታዝዤ ነው። አያም ያውቃሉ።” ከሥሩ ደግሞ “ተከሳሹ ድርጊቱን አምኗል” የሚል መስመር ሰፍሯል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 134 አንድን ተከሳሽ በእምነት ቃሉ ጥፋተኛ ማለት የሚቻለው የወንጀሉን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ ምንም ማመንታትና ያለ ገደብ ሲያምን ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። “ታዝዤ ነው” ያለ ሰው ግን ያለ ገደብ አምኗል ሊባል አይችልም። ማን እንዳዘዘው የጠየቀው ሰው መኖሩን መዝገቡ አያሳይም፤ በዚያ ዕለት ከተከሳሹ ጎን ጠበቃ መቆሙንም አያሳይም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል፤ ከዚህ ተከሳሽ በላይ ለዚህ ድንጋጌ የሚገባ ሰው ማሰብ ያስቸግራል። ደግነቱ ዳኛው በእምነት ቃሉ ብቻ ፍርድ ሳይሰጡ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን እንዲያሰማ አዘው ስለነበር በሩ አልተዘጋም።

የዋስትና መብቱን ሕጉ አልከለከለበትም። ሆኖም ዋስ ሆኖ የሚወስደው ሰው አልተገኘም፤ የተመታው አጎቱ ስለሆነ ዘመድ አዝማዱ በሁለት ተከፍሏል፣ ወደ ቤት ቢመለስ ሌሊት ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄም መልስ አልነበረውም። የአእምሮ ሕመምተኛ እስረኛ ብዙ ጊዜ በእስር የሚቆየው ሕጉ ስለከለከለው ሳይሆን ከእስር ቤቱ ደጅ ላይ የሚረከበው ስለሌለ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ከበርካታ ዓመታት በፊት፣ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በተመለሰበት ወቅት እንደሆነ ቤተሰቡ ይናገራል። እንቅልፍ አጣ፣ ብቻውን ያወራ ጀመር፣ ጎረቤት ሲያልፍ ስለ እርሱ የሚንሾካሾክ ይመስለው ነበር። ልክፍት ነው ተባለና ጸበል ገባ፤ በዚያ በቆየባቸው ወራት ረገብ ብሎለት ወደ እርሻው ተመለሰ። ሲያገረሽበት በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ተወስዶ ወደ ጎንደር ተላከ፤ በወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፍሉፌናዚን የተባለ መርፌ ተጀመረለት። ሲሻለው ግን ተቋረጠ፤ ለመጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ምክንያት ነበር፣ ዋናው ግን ሌላ ነው። እኅቲቱ ታጭታ ስለነበር “ከቤታቸው እብድ አለ” ተብሎ ጋብቻው እንዳይፈርስ ሕመሙ እንዲወራ ማንም አልፈለገም። የመርፌ ቀጠሮው የተጻፈበት ካርድ ከእናቲቱ ሣጥን ሥር ታጥፎ ተቀምጦ ቆየ። እኅቲቱ ስታመጣልን ካርዱ በእጥፋቱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የመጨረሻው ቀን ግን በግልጽ ይነበባል። የመጨረሻው መርፌ የተሰጠው ከድርጊቱ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ነው። በመዝገቡ ላይ ከተከማቸው ወረቀት ሁሉ እንደዚህ ካርድ የጠቀመን የለም፤ ምክንያቱም ሕመሙ ከክሱ በኋላ ለመከላከያ የተፈጠረ አለመሆኑን የሚያሳይ ብቸኛው የጽሑፍ ማስረጃ ነበር።

ከእኛ በፊት ፍርድ ቤቱ የተከሳሹን ሁኔታ ጨርሶ አላየም ማለት ስሕተት ይሆናል። በመጋቢት 2011 በነበረው ቀጠሮ ተከሳሹ በችሎት ውስጥ ብቻውን ሲያወራ ዳኛው አስተውለው “ተከሳሹ በሕክምና ተመርምሮ ውጤቱ ይቅረብ” ሲሉ አዝዘዋል። ማረሚያ ቤቱም በግቢው ወዳለው ክሊኒክ ወሰደው፤ ተረኛው ነርስ “እንቅልፍ ማጣትና ራስ ምታት” ብሎ መዝግቦ የሚያስተኛ ክኒን ሰጠው፤ በቀጣዩ ቀጠሮ “በትእዛዙ መሠረት ታክሟል” የሚል ደብዳቤ ለፍርድ ቤቱ ደረሰ። ደብዳቤው ሐሰት አልነበረበትም። ታካሚው በየትኛው የሙያ ዘርፍ ባለሙያ ይታይ፣ ምን ይመርመር፣ ለየትኛው ጥያቄ መልስ ይሰጥ የሚል ነገር በትእዛዙ ላይ ስላልነበረ ነርሱም ማረሚያ ቤቱም ትእዛዙን ጥሰዋል ሊባሉ አይችሉም። በዚህ የተነሣ ሁለት ወር ባክኗል።

በዚሁ መካከል ሌሊት እየጮኸ የአብሮ እስረኞቹን እንቅልፍ ስለነሣ ለብቻው በአንድ ጠባብ ክፍል እንዲያድር ተደርጎ ነበር። ኃላፊዎቹ ለቅጣት እንዳልሆነ፣ ለራሱም ለሌሎቹም ደኅንነት ሲባል እንደሆነ አስረድተውናል፤ አላምናቸውም አልልም። ቢሆንም ሰዎች ያሴሩብኛል ብሎ የሚፈራን ሰው ብቻውን በጨለማ መዝጋት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች በቁጥር 45 የአእምሮ ጉዳት ያለበትን እስረኛ ሁኔታውን በሚያባብስ ለብቻ እስር ማቆየትን ይከለክላሉ፤ በቁጥር 109 ደግሞ በእስር መቆየታቸው ሕመማቸውን የሚያባብስባቸው ከባድ የአእምሮ ሕመምተኞች በተቻለ ፍጥነት ወደ ሕክምና ተቋም እንዲዛወሩ ይጠይቃሉ። ሁለቱንም ጠቅሰን ለማረሚያ ቤቱ ጻፍን፤ መልስ አልመጣም።

መልስ ያገኘነው በሌላ መንገድ ነው። የቀድሞ ክፍሉ ካቦ፣ ማለትም ከእስረኞቹ መካከል የክፍሉ አለቃ የሆኑት፣ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፤ እኅቲቱ ባለችን መሠረት አነጋገርናቸው። “ከበሩ አጠገብ፣ ከእኔ ጎን ይተኛ፤ ክኒኑን እኔ ፊት ይዋጥ፤ ሲነሣበት እኔ አናግረዋለሁ” አሉ። ይህን የእርሳቸውን ቃል ይዘን የክፍሉን ኃላፊ በአካል ስናነጋግር በሳምንቱ ወደ ጋራ ክፍል ተመለሰ። ደብዳቤው ያላስገኘውን ያስገኘው ነገር ርኅራኄ ብቻ አይመስለኝም። ኃላፊው የሚፈሩት “ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል” የሚለውን ነበር፤ ደንቡን የጠቀሰው ደብዳቤያችን ለዚህ መልስ አልነበረውም፣ የካቦው ቃል ግን ነበረው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እስረኛን ለሌላ እስረኛ ጠባቂ ማድረግ በመርሕ ደረጃ የሚደገፍ አሠራር አይደለም፣ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ለጥቃት ሊያጋልጥም ይችላል። ዋርድያዎቹ በየሌሊቱ እንዲያዩት ተጨማሪ ስምምነት ያደረግነው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የገጠመን ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነበር፤ የመጣው ደግሞ ከራሱ ከባለጉዳዩ ነው። “እብድ አይደለሁም፤ እብድ ነው ብላችሁ እንዳትናገሩ” አለን። ጠበቃ የደንበኛውን ፈቃድ መከተል አለበት፤ ደንበኛው ግን ፈቃዱን የሚሰጥበት አእምሮው ታምሟል። ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለን ሰው ከኃላፊነት ነጻ ቢያደርገውም፣ በአንቀጽ 129ና በተከታዮቹ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ሰው ላልተወሰነ ጊዜ በማቆያ ወይም በሕክምና ሥር እንዲሆን ማዘዝ ይችላል። አንቀጽ 49 ደግሞ ኃላፊነቱን በከፊል የሚቀንስበት መንገድ ነው፤ ቅጣቱ ይቀላል፣ የተፈረደበትም ስለሆነ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ አመክሮ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ “ሙሉ በሙሉ ኃላፊነት የለበትም” የሚለው መከላከያ ከእስር የሚያወጣ አጭር መንገድ ነው ብሎ ለቤተሰብ መንገር ማታለል ነው፤ ቀላል በሆነ ወንጀል ላይ ከቅጣቱ የረዘመ የማቆያ ጊዜ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለእኅቲቱ በዝርዝር አስረዳናት። በመጨረሻ የተስማማነው ሕክምናውን ከክርክሩ ማስቀደም ላይ ነበር፤ ሰውየው መጀመሪያ ይታከም፣ ከዚያ ምን ብለን እንደምንከራከር እርሱ ራሱ ይወስናል።

በሰኔ ወር ያቀረብነው አቤቱታ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ አንቀጽ በተከሳሹ ኃላፊነት ላይ ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ እንዲያስቀርብ ያስገድዳል፤ ባለሙያው የተከሳሹን የአሁን ሁኔታ፣ ሕመሙ በማመዛዘን ችሎታው ላይ ያመጣውን ውጤትና የሚያስፈልገውን ሕክምና እንዲገልጽ ይጠይቃል፤ ከሳይንሳዊ ግኝቱ ሕጋዊውን መደምደሚያ የሚያወጣው ግን ፍርድ ቤቱ ራሱ ነው። አቤቱታችን ይህን ጠቅሶ አልቆመም። ምርመራውን የሚያደርገው የሥነ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንዲሆን፣ በኅዳር 2011 የነበረበትና አሁን ያለበት ሁኔታ ተለያይተው እንዲመለሱ፣ የአሮጌው ካርድ ግልባጭ ለባለሙያው እንዲደርስ፣ እኅቲቱ በምርመራው ላይ ተገኝታ የሕመሙን ታሪክ እንድትናገር፣ ማረሚያ ቤቱ አጃቢና ተሽከርካሪ የሚመድብበት ቀን እንዲወሰን፣ ያ ካልሆነ ኃላፊው ቀርበው ምክንያቱን እንዲያስረዱ ጠየቅን። ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ ስሙንና አድራሻውን ሲጠየቅ በትክክል እንደሚመልስ ጠቅሶ ተቃወመ። ስሙን የሚያውቅ ሰው ሊታመም አይችልም የሚለው አስተሳሰብ በችሎት አዳራሽ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በመንደሩም የተባለው ይኸው ነበር። ዳኛው አቤቱታውን ከሞላ ጎደል እንዳለ ተቀበሉት።

የምርመራው ቦታም ቀላል ጉዳይ አልነበረም። እንዲህ ያሉ ተከሳሾችን አዲስ አበባ ወዳለው የአማኑኤል ሆስፒታል መላክ የቆየ ልማድ ነው፤ ከጎንደር ግን ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ አጃቢዎች፣ ነዳጅና አበል ይጠይቃል፣ ቤተሰብም ሊከተል አይችልም። በጎንደር የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች መኖራቸው ብዙ ከተሞች ያላገኙት ዕድል ስለሆነ ምርመራው እዚሁ እንዲደረግ ጠይቀን ተፈቀደልን። ቢሆንም ፍርድ ቤቶች ለክረምት ተዘጉ፣ የተባለው ተሽከርካሪም በመጀመሪያው ቀን አልመጣም። ልዩነቱ አሁን የምንይዘው ነገር ነበረን፤ ለተረኛው ችሎት አመልክተን የትእዛዙን ቀን ስናሳይ በሚቀጥለው ሳምንት ተወሰደ። ባለሙያዎቹ ሕክምናውን እዚያው ጀመሩለት፤ ሃሎፔሪዶል የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ ከእርሱም ጋር መድኃኒቱ የሚያመጣውን የሰውነት መገታተር የሚያስታግሥ ክኒን፣ በኋላም የቀድሞው የወር መርፌ ታዘዘለት። ክኒኑ በእስር ቤት ውስጥ ለሌላ ዓላማ ስለሚፈለግ ሊሸጥ ወይም ሊነጠቅ እንደሚችል ያስጠነቀቁን ካቦው ናቸው፤ ወደ መርፌው መመለሱን ባለሙያዎቹ የመረጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በጥቅምት 2012 ስናገኘው እንጀራውን ይበላ ነበር። ስለ ዱላው ስንጠይቀው ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ አጎቱ ሊያርዱት ካራ ሲስሉ ይሰማው እንደነበር ነገረን። “አሁንስ?” ስንለው “አሁን አይሰማኝም። ያን ጊዜ ግን ይሰማኝ ነበር፤ ውሸት አልነበረም” አለ። ክርክሩን በምን መንገድ እንደምናቀርብ ያን ዕለት ራሱ ወሰነ። “እብድ ነበር አትበሉ፤ ታምሞ ነበር በሉ” አለን። በጽሑፍ መከላከያችንም የተጠቀምነው ይህንኑ አነጋገር ነው።

የባለሙያዎቹ ሪፖርት የቆየና የታወቀ ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት፣ በድርጊቱ ጊዜ ሕክምናውን አቋርጦ እንደነበርና ከነበረበት ሁኔታ አንጻር የድርጊቱን ምንነት ይረዳ ነበር ለማለት እንደማይቻል፣ አሁን ግን በክትትል ከቤተሰቡ ጋር ሊኖር እንደሚችል ገለጸ። አጎቱ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆነው ቀረቡ። በሽማግሌ ከእናቱ ጋር ታርቀው ስለነበር ብዙ ሰው መዝገቡ ይዘጋል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ነገር ግን ከባድ የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል ስላልሆነ ዕርቁ ክሱን አላቋረጠውም። ዐቃቤ ሕግ ቀደም ሲል በመካከላቸው ጠብ እንደነበረ ሲጠይቃቸው ምስክሩ ደንግጠው “በሬዬን የማውሰው እኮ ለእርሱ ነው” አሉ። ከዚያም ሳይጠየቁ “ጤና ቢሆን ኖሮ እጁን አያነሣብኝም” ሲሉ ጨመሩ። ይህ ሕጋዊ ድምዳሜ አይደለም፤ ሆኖም ከድርጊቱ በፊት የጥላቻ ምክንያት አለመኖሩን ከተጎጂው በላይ ሊመሰክር የሚችል አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2012 በአንቀጽ 48 መሠረት ተከሳሹ ኃላፊነት እንደሌለበት ወስኖ፣ በማቆያ እንዲቀመጥ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ እንዲታከም አዘዘ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ትእዛዝ ታሪክ እንዳይደገም ሰጋን። “ሕክምናውን ይከታተል” የሚል ቃል ብቻ ቢጻፍ ኖሮ መርፌው በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሰጥ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ማን እንደሚያሳውቅ፣ ሰውየውን በቀጠሮው ቀን ማን እንደሚያመጣው የሚታወቅ ነገር አይኖርም ነበር። ጥያቄያችንን ተቀብለው ዳኛው ጤና ጣቢያውን በስም እንዲጻፍ አደረጉ፤ ተረካቢ ሆነው የፈረሙት ደግሞ፣ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ አጎቱ ናቸው። እኅቲቱ ከጥር በኋላ ወደ ባሏ ቤት ስለምትሄድ ሌላ ሰው ማስፈለጉን አስቀድመው አስበውበት ነበር።

የትእዛዙ ጥንካሬ የተፈተነው ሳይዘገይ ነው። በመጋቢት 2012 ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ ፍርድ ቤቶች ሥራቸውን በከፊል አቆሙ፣ የእስረኛ ጥየቃ ታገደ፣ መጓጓዣም ተስተጓጎለ። በዚያ ወቅት በይቅርታ የተለቀቁ እስረኞች ብዙ ነበሩ፤ ይቅርታ ግን ለተፈረደበት ሰው የሚሰጥ ስለሆነ የእኛ ሰው ፍርድ ሳያገኝ እስከዚያ ቢቆይ ኖሮ አይመለከተውም ነበር፣ ከቤት በሚመጣ ስንቅና በእኅቱ ክትትልም ላይ በሩ ይዘጋበት ነበር። ጤና ጣቢያው የመርፌው ክምችት ባለቀበት ወር አጎቱ የትእዛዙን ግልባጭ ይዘው ሄደው ባለሙያው ከከተማ እንዲያስመጣ አድርገዋል። አንድ መርፌ በአሥር ቀን ያህል ዘግይቷል፤ የተቋረጠ ግን የለም።

በእስር ያለፈውን ከአንድ ዓመት የበለጠ ጊዜ በተመለከተ ካሳ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ለቤተሰቡ አንሥተን ነበር። አልፈለጉም፤ ነገሩ እንደገና በአደባባይ እንዲነሣ የሚሻ አልነበረም፣ እኛም አልገፋፋናቸውም። የሠራነው ሌላ ነገር ነው። የተሰጠውን ትእዛዝ ስምና መለያ ቁጥሩን አጥፍተን ለተከላካይ ጠበቆችና ለማረሚያ ቤቱ የጤና ክፍል በአብነት አቀረብን። ካቦው ከዚያ በፊት በላኩልን መልእክት በዚያው ክፍል ያለ ሌላ ወጣት ሌሊት እንደማይተኛና ምግብ እንደሚመልስ ነግረውን ስለነበር የእርሱንም መዝገብ አወጣን። በእምነት ክህደት ቃሉ ላይ የተጻፈው “አላስታውስም” የሚል ብቻ ነው፤ ከሥሩ “ተከሳሹ ክዷል” ተብሏል። አቤቱታው ቀርቦ የባለሙያ ምርመራ የሚደረግበት ቀን ተቆርጦለታል።